ጃክ ራሰል ቴሪየርን ጎንደር ላይ አሳድጎ ለአይጥ አደን ማብቃት፦ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ውስጥ ይህን ትንሽ ውሻ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ እህሉን ከአይጥ እንዲጠብቅለትና ኮቴ ሲሰማ እንዲጮህለት። ውሻው ሁለቱንም ያውቅበታል። በተደጋጋሚ የሚሰማው ወሬ ግን ሌላ ነው። ቡችላው በሦስት ወሩ ደም እያስቀመጠው ሞተ። በስድስት ወሩ የጎረቤት ዶሮ ፈጀ። በዓመቱ የተመረዘ አይጥ በልቶ ሞተ። ወይም ሰንሰለት ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ሰፈሩን አስመርሮ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ጥፋቱ የዘሩ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነው። መርዙ ሳይነሣ ውሻው ይመጣል፣ ክትባቱ ሳያልቅ መንገድ ይወጣል፣ «ልቀቅ» የሚለውን ሳይማር አይጥ ይታደንበታል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች አትዝለሉ፤ አታቀያይሯቸውም።

ስለ ዘሩ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል

ዘሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን በተባለው አካባቢ፣ ጆን («ጃክ») ራሰል በተባለ ቄስ የተራባ ነው። ሥራው ቀበሮን ተከትሎ ጉድጓድ መግባት፣ እዚያው ሆኖ መጮህና ቀበሮውን ማስወጣት ነበር። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ያደገ ውሻ ደረቱ ከፊት እግሮቹ ጀርባ በሁለት እጅ ተከቦ የሚያዝ መሆን አለበት፤ ከዚህ የሰፋ ከጆንያ ሥር አይገባም።

ከዚህ ታሪክ ለእናንተ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቆፈር፣ መጮህና አለማፈግፈግ የዚህ ውሻ አመል ሳይሆን ሙያው ነው። በዱላ አይጠፋም፤ አቅጣጫ ይሰጠዋል እንጂ። የተገዛው ቡችላ ከአገር ውሻ ጋር የተዳቀለ ቢሆንም መመሪያው አይለወጥም።

ደረጃ 1፦ ውሻው ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት

1.1 መርዙን አንሡ። የአይጥ መርዝና አይጥ አዳኝ ውሻ በአንድ ግቢ አይኖሩም። በየጥጉ፣ በጣራ ሥር፣ ከጎተራ ጀርባ የተበተነውን ሁሉ በጓንት ለቅማችሁ በጥልቀት ቅበሩ። ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆኖ የሚሸጠው ዚንክ ፎስፋይድ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ሆኖ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። እንደ ብሮዲፋኩም ያሉት ደግሞ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ምልክታቸው የሚታየው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። መርዙን ካነሣችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት የምትጠብቁት መርዙን የቀመሱ አይጦች ሞተው እስኪያልቁ ነው። የሞተ አይጥ ባያችሁ ቁጥር አንሡ።

1.2 ጎረቤት አነጋግሩ። አጥር የሚጋራችሁ ሰው መርዝ የሚያስቀምጥ ከሆነ ቢያንስ መቼ እንደሚያስቀምጥ ይንገራችሁ። በአገራችን ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ የሚወገዱበት ጊዜም ስላለ፣ በቀበሌ እንዲህ ዓይነት ዘመቻ መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

1.3 አጥሩን በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ እዩት። ቆማችሁ የምታዩት አጥርና ቡችላ የሚያየው አጥር አንድ አይደለም። ከ5 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ቀዳዳ ካለ ድፈኑት። የድንጋይ ካብ ከሆነ ሥሩን ፈትሹ፤ ቆርቆሮ በር ከሆነ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በጣውላ ዝጉ። በአጥሩ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ድንጋይ ቅበሩበት፤ አለዚያ ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲርስ በአንድ ሌሊት ቆፍሮ ይወጣል።

1.4 መኝታ አዘጋጁ። የተሻለው ማታ ማታ ቤት ውስጥ፣ ወጥ ቤት ወይም በረንዳ ላይ በር የሚዘጋበት ቦታ ነው። ምክንያቱ ብርዱ ብቻ አይደለም። ጅብ ሲመሽ ወደ ሰፈሩ ይጠጋል፤ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ ደግሞ ከጅብ ፊት ቆሞ ይጮኻል እንጂ አይሸሽም። ውጭ የሚያድር ከሆነ ቤቱ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በሩ ወደ ዝናቡ ያልዞረ፣ በጠንካራ መዝጊያ የሚዘጋ ይሁን። ከሥሩ ጭድ ካነጠፋችሁ በየሳምንቱ ቀይሩ፤ የረጠበ ጭድ የቁንጫ ቤት ነው።

1.5 ሐኪም ያዙ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከተማው ውስጥ አለ፤ የግል የእንስሳት መድኃኒት ቤቶችም አሉ። ቡችላውን ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የውሻ ክትባት በእጃቸው አለ ወይስ ታዝዞ ነው የሚመጣው? ማቀዝቀዣቸው መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ ካልቆየ ውሃ ከመውጋት አይሻልም።

ደረጃ 2፦ ቡችላውን መምረጥ

ስምንት ሳምንት ያልሞላውን አትውሰዱ። በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ የመንከስ ልክ የት ድረስ እንደሆነ ከወንድሞቹ አልተማረም፤ በኋላ የልጆችን እጅ ይነክሳል። ሻጩ «እንጀራ መብላት ጀምሯል» ቢላችሁ ይህ የዕድሜ ማስረጃ አይደለም።

ቦታው ድረስ ሄዳችሁ እናቱን እዩ። ከዚያ በዚህ ተራ መርምሩ፦

– ከጀርባው ሆናችሁ አጨብጭቡ። በዚህ ዘር፣ በተለይ ነጭ በበዛባቸው ላይ፣ ከውልደት የሚመጣ የመስማት ችግር አለ። ወንድሞቹ ሲዞሩ አይቶ እንዳይዞር ለብቻው አድርጋችሁ ፈትኑት።
– ሲሮጥ ከኋላ ተመልከቱ። አንድ የኋላ እግሩን አንሥቶ ሁለት ሦስት እርምጃ እየዘለለ መልሶ የሚያወርድ ከሆነ የጉልበቱ አሎሎ ከቦታው እየወጣ ነውና ተዉት።
– ሆዱን ዳስሱ። ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ የተነፋ ከሆነ ወስፋት አለበት። ይህ የሚታከም ስለሆነ ውሻውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ዋጋ ለመቀነስ ግን ይሆናል።
– ከቡችሎቹ አንዱ እንኳ ተቅማጥ ወይም ማስታወክ ካለበት የትኛውንም ሳትነኩ ውጡ። ቤት ስትደርሱ ጫማችሁን በበረኪና እጠቡ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ሚዛን ላይ ቡችላውን ታቅፋችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ብቻችሁን ቁሙ፣ ልዩነቱን ጻፉ። ይህ ቁጥር ለእያንዳንዱ መድኃኒት ያስፈልጋችኋል፤ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ትንሽ ውሻ ይገድላል።

የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንት ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ እስከ ስድስት ወር፣ ከዚያ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይሰጣል። ሻጩ ሰጥቻለሁ ቢልም የመድኃኒቱን ስም የማያውቅ ከሆነ እንዳልተሰጠ ቁጠሩት። ለበግና ለከብት የተሠራ አልቤንዳዞል ወይም አይቨርሜክቲን ከፍላችሁ አትስጡ። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ በዚህ ክብደት ላይ ጥቂት ጠብታ ቢበዛ ውሻው ሊንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ሊጠፋ፣ ሊሞትም ይችላል።

ለሽንት ቤት፦ ከእንቅልፍ ሲነሣ፣ ከበላ በኋላ፣ ከጨዋታ በኋላ ወደ አንድ ቦታ ውሰዱት፤ ሲጨርስ ቁራሽ ነገር ስጡት። ቤት ውስጥ ሲያደርግ አፍንጫውን ማሸት ውሻውን ከእናንተ ተደብቆ እንዲያደርግ ብቻ ነው የሚያስተምረው።

ደረጃ 4፦ ክትባት፣ ያለ አንዳች ማሳጠር

1. በ8 ሳምንት፦ ዲስተምፐር፣ ፓርቮ (ደም የሚያስቀምጠው) እና ሄፓታይተስ የተባሉትን የውሻ በሽታዎች አንድ ላይ የሚከላከለው የመጀመሪያ ክትባት።
2. በ12 ሳምንት፦ የዚሁ ሁለተኛ፣ የሌፕቶስፓይሮሲስ የመጀመሪያ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት።
3. በ16 ሳምንት፦ በ8 ሳምንት የተጀመረው ክትባት ሦስተኛ ዙር፣ የሌፕቶስፓይሮሲስ ሁለተኛ።
4. በዓመቱ፦ ሁሉም ይደገማል። ከዚያ ወዲያ የእብድ ውሻ ክትባቱን በብልቃጡ መመሪያ መሠረት፣ ሌፕቶስፓይሮሲሱን ግን በየዓመቱ።

ሌፕቶስፓይሮሲስ በአይጥ ሽንት ይተላለፋል፤ ለቤት ውሻ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፣ አይጥ ለሚይዝ ውሻ ግን ግዴታ ነው። በሽታው ከውሻ ወደ ሰውም ይሻገራል።

ሲከተብ ብልቃጡን ለማየት ጠይቁ፤ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ መለያው ደብተሩ ላይ ይለጠፍ። ክትባት ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከመጨረሻው ክትባት በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንገድ ላይ አታስረግጡት። ፓርቮ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ይህ ማለት ግን ቤት ውስጥ ቆልፉት ማለት አይደለም፤ አንድ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ ከ14ኛው ሳምንት በኋላ እየጠበበ ይሄዳል። በዘንቢል ይዛችሁ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ አውጡት። ባጃጅ ይስማ፣ አህያ ይይ፣ ጥላ የያዘ ሰው ይይ። እግሩ ግን መሬት አይንካ።

ክትባቱ ካመለጣችሁ፦ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘገየ «ያለፈው አለፈ» ብላችሁ አትቀጥሉ፤ ከየት መጀመር እንዳለበት ሐኪሙ ይወስን።

ደረጃ 5፦ ምግብ፣ ከጾሙም ጋር

ከስምንት ሳምንት እስከ ሦስት ወር በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ አብሉ። 6 ኪሎ ለሚመዝን፣ ለሚሠራ ያደገ ውሻ በቀን 300 ግራም ያህል የተቀቀለ ምግብ መነሻ ይሁናችሁ፤ ግማሹ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ዓሣ፣ የቀረው ሩዝ፣ ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት። በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ አሳንሳችሁ ጨምሩበት፤ ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም። ልኩን የሚነግራችሁ የጎድን አጥንቱ ነው፦ ስትዳስሱት መቆጠር አለበት፣ ከሩቅ ሲታይ ግን መቆጠር የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። አብዛኛው ቤት ለውሻ የሚሰጠው የተረፈ ፍትፍት ነው። እንጀራው አይጎዳም፤ ወጡ ነው የሚጎዳው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። መቀቀል አያጠፋቸውም፣ መድረቅም አያጠፋቸውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው፤ ሽሮውም ቢሆን። ትልቅ የአገር ውሻ ለዓመታት በልቶ የሚችለውን ይህ ውሻ በክብደቱ ምክንያት አይችለውም። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ወደ ቡናማ ካደላ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወጡን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ሁኔታው ይብሳል። ከወጥ ቤቱ ሥጋውም እንቁላሉም ይወጣል፤ ውሻውም ሳያውቀው አብሮ ይጾማል። በዚያ ወቅት የሚያድግ ቡችላ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ፦

– ለውሻው የራሱ ድስትና ማማሰያ መድቡ። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ክርክር የለም።
– በቀን አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ቀቅሉለት፤ ዶሮ በቤት ካለ በጾም የሚተርፈው እንቁላል ነው።
– ከጣና የሚመጣ ዓሣ ስታገኙ ጭንቅላቱንና የተረፈውን በደንብ ቀቅላችሁ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማችሁ ስጡት። ጥሬ ዓሣ አትስጡ።
– ምስርና ክክ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ሩዙን በከፊል ይተካል፤ እንቁላሉን ግን አይተካም።

ጾም ሲፈታ አደጋው ይገለበጣል። በግ በግቢ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማድ ነው። ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ የበላ ውሻ ትንሽ የኮሶ ትል ይይዛል፤ ትሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዕንቁላሉን በዐይነ ምድሩ ይጥላል፤ ያ ዕንቁላል በልጅ እጅ አፍ ሲገባ በሰው ጉበት ላይ ያንኑ የውሃ ቋጠሮ ያበቅላል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ጥሬውን አይሰጥም፤ ውሃ የቋጠረው ተቃጥሎ ወይም በጥልቀት ተቀብሮ ይጥፋ እንጂ ጓሮ አይጣል። ሥጋ የሚያገኝና አይጥ የሚይዝ ውሻ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልገው ሐኪሙን ጠይቁ፤ በየወሩ ሊል ይችላል።

የተቀቀለ አጥንት፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌትና የቡና አተላ በምንም ሁኔታ አይሰጡም።

ደረጃ 6፦ ዶሮ እና ሦስት ቃላት

ከዶሮ ጋር ማለማመድ የሚጀመረው በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ስድስት ወር ሞልቶት አንዷን ከገደለ በኋላ አይደለም። በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ በገመድ ይዛችሁ ዶሮዎቹ በሚጭሩበት ቦታ ተቀመጡ። ሲያፈጥባቸው ዝም በሉ፤ ዓይኑን ወደ እናንተ ሲመልስ ወዲያው ሸልሙት። የምትሸልሙት ማየቱን ሳይሆን መተዉን ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቢሆን ከጫጩት ጋር ብቻውን አትተዉት።

ቃላቱ እነዚህ ናቸው፦

«ና»፦ ሁልጊዜ በስሙ ጥሩት። «ኩቲ ኩቲ» አትበሉ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በዚሁ ስለሚጠራው ማንም ጠርቶ ይወስደዋል።

«ልቀቅ»፦ ጨርቅ ሲነክስ አትጎትቱት፤ መጎተት ለእርሱ ጨዋታ ነው። ጨርቁን ይዛችሁ ቀጥ በሉ፣ በሌላ እጃችሁ ቁራሽ ጉበት አፍንጫው ሥር አቅርቡ፣ ሲለቅ ቃሉን ተናገሩ፣ ስጡት፣ ከዚያ ጨርቁን መልሱለት። መመለሱ ዋናው ነው። ለቆ ሁልጊዜ የሚቀማ ከሆነ ሁለተኛ አይለቅም።

«ፈልግ»፦ ለአደን ብቻ። «ያዝ» የሚለውን አትምረጡ፤ የሰፈር ልጆች በሰው ላይ ይጠቀሙበታል።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ አንድ ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ አለበት። ሰንሰለት ላይ ያለ ቴሪየር የሚጮኸው ሌባ አይቶ ሳይሆን ሥራ ፈትቶ ነው። በጥምቀት ሰሞን ከበሮውና ሕዝቡ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲተም፣ እንዲሁም የሠርግ ተኩስ ባለበት ቀን፣ ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ አቆዩት።

ደረጃ 7፦ እህል ቤቱ

ቋሚ ጥርሱ ከስድስት እስከ ሰባት ወር ባለው ጊዜ ይሟላል፤ ድፍረቱ ግን ከዚያ ቀድሞ ይመጣል። ችግሩ ይኸው ነው። በአምስት ወሩ ትልቅ አይጥ ከንፈሩን የነከሰችው ቡችላ ወይ ፈሪ ይሆናል ወይ አይጥ ባየ ቁጥር አእምሮውን ይስታል። እውነተኛ አደን ከአሥር ወር በፊት አታስጀምሩ።

ሀ. ከሦስት ወር ጀምሮ፦ በረጅም ገመድ ጫፍ ጨርቅ አስራችሁ መሬት ለመሬት ጎትቱለት። ይያዝ፣ ያራግፍ፣ «ልቀቅ» ሲባል ይልቀቅ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሳይሰለች አቁሙ።

ለ. ከስድስት ወር ጀምሮ፦ ያንኑ ጨርቅ ጆንያ ሥር አይጥ በሚመላለስበት ቦታ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ሽታ ይያዝ። በማግሥቱ ከጆንያ ጀርባ ደብቃችሁ «ፈልግ» በሉት። የሞተ አይጥ አትጠቀሙ፤ ምን በልቶ እንደሞተ አታውቁም። ጨርቁን በጓንት ያዙ።

ሐ. ቤቱን ማዘጋጀት፦ ጆንያዎቹን በእንጨት ርብራብ ላይ አንሡ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር አርቁ። ውሻው የማያልፍበት ቦታ ሁሉ የአይጥ ነው። እህሉ ፎስቶክሲን የተባለው የነቀዝ መድኃኒት ተጨምሮበት ከሆነ አደኑ ይሰረዛል፤ ጋዙ ለእናንተም ለእርሱም ገዳይ ነውና የመድኃኒቱ ማሸጊያ የሚያዝዘው ጊዜ አልፎ ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ማንም አይግባ፣ ሰው በሚተኛበት ቤትም ከነጭራሹ አይደረግ።

መ. የአደኑ ቀን፦

1. ቀን ላይ፣ በብርሃን፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ሥሩ። ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ።
2. የግድግዳ ቀዳዳዎችን በድንጋይና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ድፈኑ። በሩን ዝጉ።
3. የአንገት ማሰሪያውን አውልቁ። ጆንያ ሥር በሚስማር ተይዞ የሚታነቅ ውሻ የሚሞተው በዚህ ነው።
4. አንዱ ሰው ውሻውን በእጁ ይያዝ፤ ሌላው ከበሩ በኩል ጀምሮ ጆንያ ይነቅል። አይጦቹ ወደ ውስጥ፣ ወደ መጨረሻዎቹ ጆንያዎች ይሸሻሉ።
5. ሦስት አራት ጆንያ ሲቀር «ፈልግ» ብላችሁ ልቀቁት፤ ጆንያውንም በአንድ ጊዜ አንሡ። እጃችሁን ወደ ሥሩ አትስደዱ።
6. ይዞ አራግፎ ሲገድል «ልቀቅ»፣ ሽልማት፣ ወዲያው «ፈልግ»። የገደለውን አይብላ፤ አይሸከምም። ጎረቤት መርዝ እንዳስቀመጠ የምታውቁት ቀን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው።
7. ሃያ ደቂቃ ሲሞላ፣ አይጥ ቢቀርም፣ አቁሙ። ውሃ ስጡት። ይህ ውሻ ደከመኝ አይልም፤ አቁም የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።
8. አይጦቹን በጓንት ሰብስባችሁ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፤ ወለሉን ረጭታችሁ ጥረጉ እንጂ ደረቁን አቧራ አታስነሡ።

ሠ. ከአደን በኋላ፦ ከንፈር፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ መዳፍ፣ ዓይን በዚሁ ተራ ፈትሹ። ግማሽ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ጎደል ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ቁስሉን እጠቡ። እብቅ ዓይኑ ውስጥ ከገባ በዚሁ ውሃ እያፈሰሳችሁ አውጡት። ዓይኑ ቀልቶ ደመና ከለበሰና ውሻው ከጨፈነው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ በዚህ ዘር የዓይን ሌንስ ከቦታው የመውጣት በሽታ አለ፣ ሲዘገይ ዓይኑን ያጠፋል።

ደረጃ 8፦ መዥገርና ቁንጫ

ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ሲያድግ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ በየምሽቱ ጆሮ ውስጥ፣ ከአንገት ሥር፣ በጣቶች መካከል ፈልጉ። መዥገሩን በወረንጦ ቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ጋዝ ማፍሰስም እሳት ማስጠጋትም አይሠራም። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ውሃ አቅጥናችሁ አታጥቡት። ካጠባችሁትና ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ለውሻ የተሠራ፣ በክብደት የተለካ መድኃኒት ግዙ።

ሲበላሽ

መርዝ በላ ወይም የተመረዘ አይጥ በላ። በአፉ ወተት፣ ዘይት፣ የጨው ውሃ አትጨምሩ። የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ። መርዙ ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ስለሚችል ባጃጅ ውስጥ ሽፋኑን ክፈቱ፤ የሚያስታውከው ጋዝ ሰውንም ይመርዛል። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ከሆነ ውሻው ደህና ቢመስልም ሂዱ፤ መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ 1 ነው፣ ለሳምንታትም ይሰጣል። ስለተሻለው ብላችሁ በሦስተኛው ቀን አታቋርጡ።

ቡችላው ያስታውካል፣ ደም ያለበት ተቅማጥ አለው። ፓርቮ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ከሌሎች ውሾች ለዩት። የተቅማጥ ንጥረ ነገር (ኦ አር ኤስ) ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በየአሥር ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጡት፤ ካስታወከው ጉልኮስ ያስፈልገዋልና አትጠብቁ። አረቄ፣ ሎሚ፣ የሰው ፓራሲታሞልም ሆነ ዲክሎፌናክ አይሰጡትም። ከሞተ ቦታውን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ እጠቡ፤ ያልተከተበ ቡችላም ለአንድ ዓመት ወደዚያ ግቢ አታምጡ።

የማታውቁት ውሻ ነከሰው። በጓንት፣ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። የተከተበ ከሆነ በዚያው ቀን ክትባቱ ይደገምለት፣ ለ45 ቀን ተለይቶ ይጠበቅ። ያልተከተበ ከሆነ ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ከባድ ውሳኔ ሊሆን እንደሚችልም ዕወቁ።

ውሻው ሰው ነከሰ። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ ካለ ከክትባቱ በኋላ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ ወዲያ የሚያድን ሕክምና የለውም። ውሻውን አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ዘግታችሁ ጠብቁት። አመሉ ከተለወጠ፣ መንጋጋው ከወረደ፣ መዋጥ ካቃተው «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ሐኪም ጥሩ።

ግቢውን ይቆፍራል። አትደፍኑበት። አንድ ጥግ ላይ አሸዋ ደፍታችሁ ጨርቁን እዚያ ቅበሩለት፤ ሌላ ቦታ ሲቆፍር ወደዚያ ውሰዱት።

አይጥ ከነከሰችው ወዲህ እህል ቤት አልገባም አለ። አትግፉት፤ ተሸክማችሁም አታስገቡት። ቁስሉ እስኪድን ጠብቁ። ከዚያ ምግቡን ለሁለት ሳምንት እህል ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ቀጥሎም በሩ ተከፍቶ ከውስጥ ስጡት። ወደ ጨርቁ ጨዋታ ተመለሱ፣ «ሀ» ላይ እንዳላችሁ አድርጋችሁ ጀምሩ። ጨርቁን ከጆንያ ሥር በራሱ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ብቻ ወደ አደን መልሱት፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ከሁለት ጆንያ በላይ አትንቀሉ።